የጋሽ ጃክ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቅዳሜዎች

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ጋሽ ጃክ፣ በቤተሰባቸው ጋሼ ተብለው ሲጠሩ የኖሩት ወንድማችን፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታቸውና በልብስ ስፌት ፋብሪካ የአዝራር ቀዳዳ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከማተሚያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራ ስለነበር፣ ሕፃኑ ማሽኑ ሲጮህ ተኝተው፣ ማሽኑ ሲቆም ደንግጠው ያለቅሱ ነበር። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። እንዴት እንደ ነገሩን ኋላ ላይ ይመጣል።

በ1956 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲገቡ መንተባተብ ጀመሩ። አስተማሪው ቆመው እንዲያነቡ በጠሯቸው ቁጥር የመጀመሪያው ፊደል አልወጣ እያለ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ልጆቹ ተብታባው አሏቸው። አንድ ደግ አስተማሪ በቃላቸው የሚመልሱትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ፈቀዱላቸው፤ ጽሕፈታቸው የማተሚያ ፊደል የመሰለው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1961 ዓ.ም. ይህችን ታሪክ የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ተወለደች። እናታቸው በ1963 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እህታቸው ግን ሁለት ዓመቷ ነበርና የእናቷን መልክ እንኳ አታስታውስም። አባታቸው ከዚያ በኋላ ስለ ሟቿ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በ1973 ዓ.ም. ተከተሏቸው።

ወንድማችን ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ተምረው፣ በ1969 ዓ.ም. በአንድ የድምፅ ቀረጻ ድርጅት ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸው ድረስም ከዚያ አልወጡም። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ጃክ በሚባለው የገመድ ጫፍ መሰኪያ የተሞላ ስለነበር ጋሽ ጃክ የሚለው ስም ወጣላቸው። ሥራው ልክ ለእሳቸው የተሰፋ ነበር። ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ያለው ሰው ይናገራል፣ ከመስታወቱ ወዲህ ያለው ሰው ጣቱን ያነሣል፣ ያወርዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል እንጂ፣ የሌሎችን ወለምታ ጋሽ ጃክ ከቴፑ ክር ላይ በምላጭ ቆርጠው ያወጡት ነበር። ከእሳቸው ጋር ሃያ ዓመት የሠሩት ማስታወቂያ አንባቢ፣ “ስሕተቴን ሁሉ የሚያውቅ፣ ለማንም የማይናገር ሰው እሱ ብቻ ነው” ይሉ ነበር። ጋሽ ጃክም ይሥቁ ነበር። ሣቃቸው አይንተባተብም።

በጋብቻ በኩል ዕድል አልቀናቸውም። በ1976 ዓ.ም. በድርጅቱ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ ወደዱና ሐሳባቸውን በደብዳቤ ገለጹላት። እሷም ደብዳቤውን መልሳ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ከሥሩ “በአፍህ ንገረኝ” የሚል ጽፋበት ነበር። ሦስት ጊዜ እስከ በሯ ሄደው፣ ሦስት ጊዜ ደወሉን ሳይነኩ ተመለሱ። ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ የጠየቀችው ለማንም ሰው ቀላል የሆነውን ነገር ነው። በዓመቱ ሌላ አገባች። ወንድማችንም ሁለተኛ ደብዳቤ ለማንም አልጻፉም።

አባታቸው ካረፉ ጀምሮ እህታቸውን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። የደንብ ልብሷን ይተኩሳሉ፣ ጫማዋን ይጠርጋሉ፣ የሚነግሯትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከሳህኑ ሥር ያስቀምጣሉ። እሷ ደግሞ ለፍላፊ ነበረች፤ ዛሬም ናት። ወንድሟ ቃል ጀምረው ሲይዛቸው፣ ከአፋቸው ነጥቃ ትጨርስላቸው ነበር። ለሱቅ ጠባቂው፣ ለአከራዩ፣ ለርእሰ መምህሩ እሷ ነበረች የምትጨርስላቸው። እንደረዳቻቸው ታስብ ነበር። በዐሥራ አራት ዓመቷ አንድ ቀን ልብስ ሲተኩሱ፣ “ጋሼ፣ እማዬ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?” ብላ ጠየቀቻቸው። ካውያውን አቁመው “እ… እ… እማዬ…” ብለው ያዛቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ደም ሥራቸው ተገተረ። እዚህ ላይ የሚጨርሱትን አታውቅምና መጨረስ አልቻለችም። “ተወው ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ” ብላ ወጣች። ሁለተኛም አልጠየቀቻቸውም።

እህታቸው አስተማሪ ሆና በ1984 ዓ.ም. አግብታ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደች። ወንድማችን በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ድርጅቱ ዕቃውን ይለውጥ ነበርና ከመጣል የተረፈ አንድ አሮጌ ማሽን ስጦታ አደረገላቸው። የሙያ ሰዎች ዲሌይ ይሉታል፤ የገባበትን ድምፅ ጥቂት አዘግይቶ የሚመልስ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ማሽኑ በአልጋው ራስጌ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። እሳቸውም ቆመው ይበላሉ፣ አንድ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ሰው የሚያነጋግራቸው ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሾፌር “እንዴት ዋሉ?” ሲሏቸው ብቻ ነበር፣ እሱንም በራስ ንቅናቄ ይመልሳሉ። በዚህ ወቅት እህታቸው በወር አንድ ጊዜም አልሄደችም። ሥራ በዝቶባት ነበር ማለት ይቻላል፤ እውነቱ ግን አብሮ ዝም ማለት ይከብዳት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ማይክሮፎንን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ኢንተርፌስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ገዙና ያን ማሽን ሊያገናኙበት ተነሡ። ከኢንተርፌሱ ጀርባ ከሦስተኛው መውጫ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ተመልሶ ወደ ኢንተርፌሱ ሁለተኛ መግቢያ ገመድ ዘረጉ። ግድግዳው ላይ በዚያ የማተሚያ ፊደል በመሰለ ጽሕፈታቸው “ገመድ ከመንካትህ በፊት ድምፁን ዝጋ” ብለው ለራሳቸው ለጥፈዋል። አርባ ዓመት የሠሩበትን ነገር ለራሳቸው ማሳሰባቸው እስካሁን ፈገግ ያሰኘናል። እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር ረሱ፦ በማዳመጫው ውስጥ የራሳቸው ድምፅ ከማሽኑ ከሚመለሰው ጋር አብሮ መሰማት ሲገባው፣ ቀጥታውን እንደ ዘጉት ትተውት ዘግይቶ የሚመለሰው ብቻ ቀረ።

ማይክሮፎን ሲፈትሹ ዘወትር በጥፍራቸው መታ መታ ያደርጉ ነበር እንጂ አይናገሩም። ያን ቀን ግን መዘግየቱን ለመለካት ቃል አስፈለጋቸውና፣ በር ዘግተው አንድ ብለው ጀመሩ። ሃያ ደረሱ። አንዱም ፊደል አልያዛቸውም። መቶ ደረሱ። ከዚያ ፊደል ከ“ሀ” እስከ “ፐ” ቆጠሩ፣ የባልደረቦቻቸውን ስም ጠሩ፣ በመጨረሻ በጋዜጣ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡ። የገዛ ድምፃቸው ዘግይቶ ጆሯቸው ሲደርስ አንደበታቸው ተፈታ። ለተብታባ ሁሉ እንዲህ አይሆንም ይላሉ የሚያውቁት፤ ለእሳቸው ግን በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ሆነ። ማዳመጫውን አውልቀው ለጎረቤታቸው ሊነግሩ ቢወጡ፣ ከደጃፉ ላይ እንደ ወትሮው ያዛቸው። ተመልሰው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ለብቻቸው ሲለማመዱ ቆይተው፣ ከ2012 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ስምንት ስምንት ደቂቃ እየተናገሩ ለእህታቸው በስልክ ላኩ። በድምሩ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ነው። ከመጀመሪያው ጋር “ሲመችሽ ስሚው” የሚል ጽሑፍ ነበር።

እህታቸው አንዱንም አልከፈተችውም።

ወንድሟ ከጥንትም የዚህን ገመድና የዚያን ገመድ ጥራት እያሰሟት አስተያየት ይጠይቋት ነበርና፣ ይኸም የማሽን ፍተሻ ነው ብላ ገመተች። “ደረሰኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ” እያለች ትመልስ ነበር። አንድ ቀን ደስ ይበላቸው ብላ “በጣም ጥርት ብሏል” ብላም ጻፈች። ዋሸች። እሳቸው ግን የሰማች መሰላቸው። በ2014 ዓ.ም. ለልጇ ምርቃት ቤቷ መጥተው ሳለ፣ እንግዳ ፊት አንድ ቃል ጀምረው ሲይዛቸው ቀማቻቸውና ጨረሰችላቸው። ቀና ብለው ረዘም አድርገው አዩዋት። ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ እንዳዩዋት አልገባትም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የልብ ሕመም ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። እህታቸው ከአልጋቸው አጠገብ ሆና ለሐኪሞቹ ትናገርላቸው ነበር። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን አንድ ነገር ሊነግሯት ጀምረው ሲይዛቸው ውሃ ነው ብላ ሰጠቻቸው። ጠጡ። ምን ሊሉ እንደ ነበር አይታወቅም። መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

በማግስቱ እህታቸው በአርባቸው ለሚነበበው ለዚህ ወረቀት የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄደች። ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን አውጥታ የመጀመሪያውን ከፈተች። አንድ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ይናገራል። የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። በልጅነቷ ያወጡላትን “ጩጬ” የሚለውን ስም ሲጠሩ ነው ያወቀቻቸው። “ጩጬ፣ እማዬ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር” ብለው ይጀምራሉ። እናታችን ስትሥቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። ከአከራዩ ጋር የምትጣላው በሹክሹክታ ነው፣ ያም የበለጠ ያስፈራ ነበር። ሕፃኗን ፋብሪካ ይዛ ሄዳ በተቆራረጠ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ታስተኛት ነበር። “መልክሽ የአባባ ነው፤ ቁጣሽ ግን ቁርጥ የእሷ” ይላሉ። ስለ ጸሐፊዋ በርም፣ ስለ ተፈታው አንደበታቸውም፣ ከላይ የሰማችሁትን አብዛኛውን የነገሩን በእነዚሁ ቀረጻዎች ነው። በዘጠና ስምንተኛው ላይ ደግሞ፣ “ዛሬም ቃሌን ከአፌ ወሰድሽው። ምናልባት ይኸኛውን ድምፄን አልወደድሽው ይሆናል፤ ግድ የለም፣ እቀጥላለሁ” ብለዋል። ይህን የምትጽፈው ሴት ከዚህ በላይ የምትለው የላትም፤ በድላቸዋለች።

በየቀረጻው ማብቂያ “እስቲ ደግሞ አንቺ” ይሉና አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይላሉ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሲተነፍሱ ይሰማል። እየጠበቋት ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ ከማልቀስ በቀር አልቻለችም፤ ቆይታ ግን በባዶው ክፍል ውስጥ መልስ መስጠት ጀምራለች። ሁሉንም ሳታዳምጥ ቤታቸውን አታስረክብም።

ወንድማችን ባለቤትና ልጅ አልነበሯቸውም። አንዲት እህት፣ ሁለት የእህት ልጆች፣ አንድ የዘወትር ጎረቤትና አርባ ዓመት ከመስታወት ማዶ ያዳመጧቸውን ሰዎች ትተው ሄደዋል። በመጨረሻ ከቤተሰቡ አንዲት ልመና አለች። ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ እህታቸው ናት፤ መሐል ላይ ድምፅዋ ቢያዝ፣ እባካችሁ ማንም ቃሉን እንዳይጨርስላት፤ ታግሣችሁ ጠብቋት።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ሳይቸኩል ይስማልን፤ ከሰማም በኋላ ያሳርፍልን።