አባቴ በከዘራው ያሳየህ መዝጊያ

ውድ ኢዋን፣

ነገሩ የተበላሸው የጋዝ ኩባንያህን ፎርም ልትሞላ ቤታችን በመጣህበት በዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባቴ "እኔ ደህና ነኝ፣ የባሰባቸውን ጻፍ" ብሎህ ጣትህ "የለም" የሚለውን በነካችበት ቅጽበት። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አየሁ። ዝም አልኩ።

ጥያቄው አጭር ነበር፤ "እዚህ ቤት የቅድሚያ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው አለ?" መንገዳችን ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዛወር ያለውን ደንብ ታውቀዋለህ። ታማሚ ወይም አቅመ ደካማ ያለበት ቤት መዝገቡ ላይ ከሰፈረ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተተክሎ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ጋዙ አይዘጋም። ካልሰፈረ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ይላካል፤ ቀኑ ሲደርስ ይዘጋል። በቃ።

አንተ ደግሞ እንግዳ አልነበርክም። ፍቅረኛዬ ሆነህ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ገበታችን ላይ ተቀምጠሃል። አባቴ ሲያስል ሰምተሃል። ደረጃው መካከል ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ "የግድግዳውን ቀለም እያየሁ ነው" ሲል አብረኸኝ ስቀሃል። ያን ቀንም ገና ከመግባትህ በኳስ ቡድንህ ይተርብህ ጀመር።

"የብላክበርን ደጋፊ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሻዬን ሲጠጣ አባቴ ቢያይ፣ ከመቃብሩ ተነሥቶ እኔን ነበር የሚያባርረኝ!"

"አይ ክላይቭ፣ ቅዳሜ ያየሁት የእርስዎ ቡድን ከሆነስ ማልቀስ ነው ያለብዎት።"

ሳቃችሁ። ከሳቁ በኋላ ሳሉ መጣ። ከሳሉ በኋላ ጥያቄው።

በከተማችን በርንሊ ውስጥ "እንዴት ነህ?" ሲባል "አሞኛል" የሚል የእሱ እኩያ አይተህ ታውቃለህ? አንድ እግሩ ቢቆረጥ "ሌላው አለ" ነው የሚልህ። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የጋዝ ቧንቧ ሲቀብር የኖረ ሰው ነው። በየቤቱ እየገባ ሽማግሌዎችን እዚያ መዝገብ ላይ ሲያስጽፍ የኖረው እሱ ራሱ ነው፤ የራሱ ስም እዚያ ይገባል ብሎ ማሰብ ሞቱ ነበር። "ጎረቤታችን ወይዘሮ ፒከፕ ብቻዋን ናት፣ እሷን ጻፋት" አለህ። ጻፍካት። ዛሬ ይሞቃታል።

ከዚያ ደግሞ ካርታችሁ አርጅቶ የመንገዱን ዋና የጋዝ መዝጊያ ማግኘት አቃታችሁ። አባቴ ኮፍያውን ደፍቶ በካፊያው ውስጥ ወጣና የድንጋዩን ንጣፍ በከዘራው መታ መታ አደረገው። "እዚህ ነው። በእጄ ነው የቀበርኩት።" ትከሻውን ነካ አድርገህ አመሰገንከው። ቤቱን ያቀዘቀዛችሁት በዚያው መዝጊያ ነው።

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ደበቀብኝ። እኔ ማንችስተር ለሕግ ፈተናዬ ተቀምጬ ነበር። "ቤቱ እንዴት ነው?" ብዬ በስልክ ስጠይቀው "እንደ ምድጃ!" ይለኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ስመለስ ካፖርቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ አገኘሁት፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሊያሾፍ ሞከረ፣ ድምፅ አልወጣውም።

ጋዙ ለምን ተዘጋ አልልም። የምድር መሞቅ አስጨንቆኝ ጋዝ ይቅር ብዬ ከአንተ ቀድሜ ሰልፍ የወጣሁት እኔ ነኝ። አቅም ያላቸው ጎረቤቶች ጋዙን ትተው ቀድመው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሩ፤ የቧንቧው ወጪ በቀሩት ጥቂቶች ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ስለዚህ የመንገዱ ጋዝ ቶሎ መዘጋት ነበረበት። ይገባኛል። ጥበቃው የተጻፈው ግን ለእነዚያ መጨረሻ ለሚቀሩት ነው።

ሆስፒታል ያስተኛችው ሐኪም ሙቀት ወደሌለው ቤት አልመልሰውም ብላለች። ቤቱ እስከ መጪው ዓርብ ካልሞቀ ሌላ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ይወስዱታል። ከዚያ እንደማይመለስ ያውቃል። ትናንት እጄን ይዞ "ቁልፉን ለወይዘሮ ፒከፕ ስጫት" አለኝ። ኢዋን፣ አባቴ ቤቱን ማስረከብ ጀምሯል።

መሥሪያ ቤትህ ደወልኩ፤ አንዲት ሠራተኛ አነሳች።

"ፎርሙ ላይ 'የለም' ነው የሚለው፣ እመቤት።"

"ሳንባው ታሟል እኮ! ሆስፒታል ነው ያለው!"

"ይገባኛል። ግን አባትዎ ራሳቸው ናቸው ያረጋገጡት። ማጣራቱ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፎርሙን የሞላው ሠራተኛ ስህተቱን በጽሑፍ ካመነ ግን፣ ጊዜያዊ ማሞቂያ በማግስቱ ይገባል።"

ከአንተ የሚፈለገው አንድ መስመር ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልህ። የመለስክልኝ "የጻፍኩት እሱ የነገረኝን ነው" የሚል መልእክት ብቻ ነው። እውነትህን ነው፤ የነገረህን ጻፍክ። ያየኸውን ግን አልጻፍክም።

እኔም አልተናገርኩም። በአንተ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም፤ አንተንም ማጣት አልፈለግሁም። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት የእኔን ድርሻ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለኩባንያህም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም የላክሁት፤ እዚያ ነበርኩ፣ ሲያስል ሰማን፣ "የለም" ተብሎ ሲጻፍ አየሁ፣ ዝም አልኩ። ስምህን አልደበቅሁም። የቀረው ያንተ መስመር ነው። እለምንሃለሁ፣ ከዓርብ በፊት ጻፈው። ልመናዬ ግን እዚህ ያበቃል።

ፊርማ የሌለው ይቅርታ ከአንተ አልቀበልም። "ራሱ ነው ያለው" የሚለውንም አልቀበልም። ከእንግዲህ የሰው ጨዋነት በገዛ ራሱ ላይ እንደ ፊርማ ሲቆጠርበት፣ እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ በር ላይ አልቆምም።

ሄስተር
ከቀዘቀዘው ቤት፣ ካፖርቴን እንደለበስኩ