የላላ ስፌት

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት፤ መስኮት ዳር መቀመጥ አብዝታለች እንጂ። የኩባንያው ሰዎች ለሦስት ወር ብለው ወደ ጎማ ጫካው የወሰዷችሁ ይኸው ዓመት ሊሞላችሁ ነው።

እኔ አሁንም የኩባንያው መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋለሁ። እናንተ ከጎማ ዛፍ ቀድታችሁ፣ አድርቃችሁ በጀርባችሁ የምታወጡላቸው ሙጫ የሚጫነው በእኛ ጆንያ ነው። ሰፊዎቹ ሴቶች ተማክረን አፉን በላላ ክር መስፋት ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት ወደብ ላይ ሲጫን ሠላሳ ጆንያ ተተርትሮ ሙጫው ባሕር ገባ። አለቃው፣ «የዚህ አገር ሴት ስትፈጠርም ሰነፍ ናት» አለን። አንገታችንን ደፍተን፣ «ልክ ብለዋል፣ ጌታዬ» አልነው። ስድብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ዕለት፣ አብሮህ የሄደው አናጢው ጎረቤታችን ተመለሰ። የለበሰው ያንተን ኮት ነው፤ የደረት ኪሱን በቀይ ክር የሰፋሁት እኔ አይደለሁም? «ሰጥቶኝ ነው» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። አንተ ደግሞ ብርድ አትችልም። ሌላ አልጠየቅሁትም። ለእማዬ፣ «አዲስ ኮት ሰጥተውት ይሆናል» አልኳት። ያንተን ከአናጢው ተቀብዬ፣ አጥቤ በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። መጥተህ ራስህ ታወርደዋለህ።

ደብዳቤውን ወደ እናንተ በሚመላለሰው ጀልባ ነጂ እጅ ልኬዋለሁ፤ መልስህንም በእሱ ስጠው። እስክትመጣ ድረስ ከእኔ እጅ የወጣ ጆንያ መርከብ ላይ አይደርስም።

በጤና ያገናኘን።

ታላቅ እህትህ