የግማሽ በሩ እናት፤ የዶኛ ኡባልዲና አንጉሎ ኡርታዶ የሕይወት ታሪክ

ዶኛ ኡባልዲና አንጉሎ ኡርታዶ ከአባታቸው ከዶን ኤሪቤርቶ አንጉሎ እና ከእናታቸው ከዶኛ ኤውፍሮሲና ኡርታዶ፣ በመጋቢት ወር 1951 እ.ኤ.አ. በሳይኻ ወንዝ ዳር፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ በቆመ ቤት ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ዛፍ ቆራጭ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ከወንዙ አሸዋ ወርቅ ያጥቡ ነበር።

በወንዙ ወግ የአራስ ልጅ እትብት ሲወድቅ እምብርቱ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል፤ የልጁም ጠባይ ዱቄቱ ከመጣበት ነገር ይቀዳል ይባላል። ለኡባልዲና የተቃጠለ የዔሊ ቅርፊት ተነሰነሰላቸው ተባለ። ዔሊ ትዕግሥተኛ ናት፤ ቤቷንም ጥላ አትሄድም። እትብታቸው ከቤቱ ጀርባ ካለ ዘንባባ ሥር ተቀበረ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ወንድሞቻቸው ገና ጢማቸው ሳያቀመቅም ወደ ባሕሩ ሲበታተኑ፣ እሳቸው የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ቀሩ። ትንሿ ዔሊ የሚለው ቅጽል ስም ያኔ ወጣላቸው።

በታንኳ እየተመላለሱ በአንድ ቄስ ትምህርት ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ድህነት ሲጠና ወደ ካሊ ከተማ ተላኩና በአንድ ሀብታም ቤት ሞግዚት ሆኑ። ሲሄዱ ለእናታቸው “ገንዘብ ይዤ ቶሎ እመለሳለሁ” ብለው ነበር። ያደሩበት ቤት ባልና ሚስት ሲወጡ የውጭውን በር ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይሄዱ ስለነበር፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ድክ ድክ ከሚሉ ሁለት ሕፃናት ጋር እስኪመሽ ተዘግቶባት ትውል ነበር። ልጅ ማሳደግን የተማሩት እዚያ ነው። ቁልፍ መጥላትንም እንደዚያው።

በ1974 የግቢውን አጥር ለመጠገን የመጡትን ግንበኛ ፊዴንሲዮ ካይሴዶን አገቡ። ዶን ፊዴንሲዮ በፈረሰው አጥር አሻግረው “ቁልፉ እነሱ ጋ ነው፤ ግድግዳው ግን እኔ ጋ ነው” ብለዋቸው ነበር። ዶኛ ኡባልዲና ይህን ሲያወሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ አዲስ ይስቁ ነበር። ከከተማው ዳር፣ መንገዱ ጭቃ፣ መብራቱ የተጠለፈ በሆነበት ሰፈር ቤት ሠርተው ያሚሌትን፣ አርኑልፎንና የመጨረሻዋን ቤኒልዳን ወለዱ። ወንዙ ግን ከዶኛ ኡባልዲና አፍ አይጠፋም ነበር፤ በየገናው “በሚቀጥለው ዓመት” ይሉ ነበር።

በዚያ ሰፈር ሴቶቹ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ የሰው ቤት ለማጽዳት ይወጣሉ። ልጅ የሚጠብቅ ዘመድ የሌላት እናት ልጇን ቤት ውስጥ ትታ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ትሄዳለች። በ1987 አንድ ጠዋት የጎረቤታቸው የሊግያ ቤት ተቃጠለ። የሁለት ዓመቱ ዊልሜር ውስጥ ነበር። ዶኛ ኡባልዲና በባላቸው መዶሻ ቁልፉን ሰብረው ገቡና ልጁን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ሊግያ ከሥራ ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ ወረደባት፤ ከድንጋይ ውርወራ በቀር የቀራት አልነበረም። እሳቸው ግን ውሃ አጠጧትና “በይ አታልቅሺ። ነገ ስትወጪ ወደ እኔ አምጪው” አሏት። በማግሥቱ ሊግያ መጣች። ከኋላዋ ሌሎች ሦስት እናቶች ነበሩ፤ በወሩ መጨረሻ ቤቱ ሞላ።

ልጆቹ ወደ መንገድ እንዳይወጡ ዶን ፊዴንሲዮ እስከ ወገብ የሚደርስ ግማሽ በር ከሳንቃ ሠርተው ሰቀሉ፤ መቀርቀሪያውን ከውጭ በኩል አደረጉት። ሐቁን ለመናገር፣ ከልጆቹ ይበልጥ ያ በር ያሰረው ዶኛ ኡባልዲናን ነው። ልጆቹ ሲመሽ ይሄዱ ነበር።

የቤታቸውን ሥርዓት ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል። የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ ይዞራል። የውሃው በርሜል በሳንቃ ተከድኖ ድንጋይ ይጫንበታል። ማንም እጁን ሳይታጠብ የሙዝ ገንፎ አይቀርብለትም፤ የታጠበውም ቢሆን መዳፉን ገልብጦ ያሳያል። ልጅ አይመታም ነበር። የነከሰ ልጅ ከተነከሰው አጠገብ ተቀምጦ እርጥብ ጨርቅ ይይዝለታል። መሬት ላይ ተንፈራፍሮ የሚጮኸውን ደግሞ አይለማመጡትም፣ አይቆጡትምም፤ አጠገቡ ተቀምጠው ባቄላቸውን ይፈለፍላሉ። ጩኸቱ ሲያልቅበት አንድ ፍሬ ይሰጡትና “ና እርዳኝ” ይሉታል። ሰው “ምነው ዝም አልሽው?” ቢላቸው፣ “በንዴት ሰክሮ ነው እንጂ ባልጎ አይደለም፤ ሲበርድለት ያፍራል” ነበር መልሳቸው። ቤኒልዳ በአሥር ዓመቷ “እናቴን ለማየት ወረፋ መያዝ አለብኝ?” ብላ ጠይቃቸው ታውቃለች። “ያዢ፤ ከሰልፉ ደግሞ ትልቋ አንቺ ነሽ፣ ሕፃናቱን አስቀድሚ” አሏት። ያን ጊዜ ያልሳቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

በ1996 ከወንዙ መልእክት መጣ፦ “ኤውፍሮሲና ታመዋል፤ ኡባልዲናን አምጡልኝ ይላሉ።” ዶኛ ኡባልዲና ለእናቶቹ ሁሉ አስቀድመው ነገሩ፤ “እባካችሁ ለጥቂት ቀን ሰው ፈልጉ” ብለው ለመኑ። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ግማሽ በሩን ከውጭ ቀረቀሩት። ከዶን ፊዴንሲዮ ጋር ገና ጥቂት ቤቶች አልፈው ሳይሄዱ ልጇን እሳቸው ዘንድ በምታውለው በሮስሚራ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አዩ። ከበሩ ሥር ትንንሽ ጣቶች ወጥተው “ኡባ! ኡባ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። እሳቸው ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ።

“ነይ እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!” አሉ ዶን ፊዴንሲዮ።

“ጣቶቹን አታይም?”

“ለሁለት ለሦስት ቀን ምን ይሆናሉ? እናትሽ እኮ ናቸው የታመሙት!”

“ዊልሜርም ለአንድ ጠዋት ብቻ ነበር” አሉ። ቀጥለውም “አንተ ሂድ፤ እዚያ ስትደርስ እጃቸውን ያዝልኝ” አሏቸው።

ሮስሚራ እስክትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው እነዚያን ጣቶች ይዘው ዋሉ። የእናታቸው መርዶ ሲደርስ ከግማሽ በሩ ወዲህ ሆነው ያለቀሱት ልቅሶ ሰፈሩን ሁሉ አስለቅሷል። ዶን ፊዴንሲዮ ከቀብር በኋላ ተመልሰው፣ “እናትሽ አልተቀየሙሽም። ‘ዔሊ ናት፣ ምን ታድርግ’ አሉ” ብለው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ ዶኛ ኡባልዲና ስለ ወንዙ ማውራት ተዉ። “ለምን አትሄጂም?” ለሚላቸው ሁሉ እምብርታቸውን መታ መታ እያደረጉ “ዔሊ ነኝ እኮ” ይሉ ነበር። ትንሽ መጽናኛ ነበረች፤ ለብዙ ዓመትም በቃቻቸው።

ዶን ፊዴንሲዮ በ2011 ዐረፉ። በ2019 የዶኛ ኡባልዲና ታላቅ እህት ዶኛ ዴልፊና ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዙ መጡ። ኩሽና ተቀምጠው የአክስታቸውን ልጅ የቲቡርሲዮን ስንፍና ሲያሙ፣ ዶኛ ዴልፊና ሳቁና “ምን ይደረግ፣ የአንቺን ዔሊ የወሰደው እሱ ነዋ!” አሉ።

“ምን አልሽ?”

“አልነገሩሽም እንዴ? በአንድ ሳምንት ነው የተወለዳችሁት። አዋላጇ ሁለቱን ዱቄት በቅጠል ጠቅልላ ጣራ ሥር ሰክታው ተምታታባት። ስትሞት ነው ለእኔ የተናገረችው። ዔሊው ለሱ ሆነ፤ ለአንቺ የተነሰነሰው ባሕር የሚሻገር ወፍ ክንፍ ነው። ያ ሰነፍ እስከ ዛሬ ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም!”

ዶኛ ኡባልዲና በመጀመሪያ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ከዚያ “እንግዲያማ እኔን ማን አሰረኝ፣ እቴ?” አሉ። በዚህ መሃል አንዲት ሕፃን ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ አውርዳ “ኡባ፣ ሽንቴ መጣ!” እያለች ገባች። እሳቸውም ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እምብርታቸውን መታ ማድረግ ተዉ፤ ምክንያት የነበራቸው ሴት ምክንያት አጡ። በሩ ያው ነበር።

ከ2022 ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪም ተኝተው እንዲታከሙ ቢያዝም “ቅዳሜ ከሆነ እሺ” ይሉ ነበር። ሕመሙ ሲበረታ ቤኒልዳ ከምትሠራበት ከቦጎታ የአጭር ጊዜ ፈቃድ ይዛ መጣች። እናትየው በግማሽ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆነው ሲያዝዙ እሷ ትሮጥ ጀመር። በመጨረሻዎቹ ቀናት አስጠርተው “በሥራ ቀን እንዳትቀብሩኝ” አሏት።

“እማዬ፣ ለቀብር እኮ ሰው ሁሉ ፈቃድ ያገኛል።”

“ለጎረቤት ቀብር ማን ፈቃድ ይሰጣል? መምጣታቸው ላይቀር፣ ልጆቹ ላይ ይቆልፉባቸዋል።”

ዶኛ ኡባልዲና ማክሰኞ ግንቦት 14 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እትብታቸው የተቀበረበትን ዘንባባ ዳግመኛ አላዩትም። ሰው “ምነው ቀብሩ ዘገየ?” ሲል ሰንብቷል፤ ዛሬ እሁድ የተሰበሰብነው በቃላቸው መሠረት ነው። ረቡዕ ጠዋት ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከግማሽ በሩ ውጭ ቆመው ነበር። ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቀም። ቤኒልዳ ከፈተች፤ ሐሙስም፣ ዓርብም።

ዛሬ ጠዋት ሬሳ ሳጥኑ እንዲያልፍ ያን በር ከማጠፊያው የነቀለው ዊልሜር ነው፤ አሁን ጎልማሳ ሆኗል፣ ጆሮው ላይ የእሳቱ ጠባሳ አለ። ከተሰቀለ ጀምሮ በሩ ሲወልቅ የመጀመሪያው ነው። ሳጥኑ ካለፈ በኋላ ዊልሜር ቤኒልዳን አየት አደረጋትና “ልመልሰው?” አላት። እሷም “መልሰው” አለችው።

ዶኛ ኡባልዲና የሦስት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። እህታቸው ዶኛ ዴልፊና፣ ልጆቻቸው ያሚሌት፣ አርኑልፎና ይህን ታሪክ የጻፈችው ቤኒልዳ፣ እንዲሁም በእጃቸው ድክ ድክ ብለው ያደጉ፣ ማንም ቆጥሮ የማይጨርሳቸው የሰፈሩ ልጆች ቀርተዋል። የወፏን ክንፍ የሰጣቸው አምላክ አሁን በሩን ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውን መቀርቀሪያ በሌለበት ቤት፣ ከእናታቸው ጎን ያሳርፍልን። አሜን።

ነገ ሰኞ ነው። ልጆቹን እንደ ወትሮው ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አምጡ።