የሩት ማተብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬም መብራት የለም። ከሥራ ስመለስ ልጄ ሩት ቤት አልነበረችም። መሸት ሲል መጣች።

“የት ነበርሽ?”

“አንድ ለአምስት።”

ትምህርት ቤቱ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ልጅ መድቦ አብራችሁ አጥኑ ብሏቸዋል። የእኛም መሥሪያ ቤት እንዲሁ አደራጅቶናል... ተሰብስበን ምን እንደምናወራ አውቃለሁ። የእነሱስ ከእኛ በምን ይሻላል?

ግንቦት ላይ የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ትፈተናለች። ባለፈው ሴሚስተር ሒሳብ አርባ አንድ ነው ያመጣችው። ካለፈች ፕሪፓራቶሪ ትገባለች። ካላለፈች... አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጎረቤቴ እህተማርያም አጥር ላይ ጠራችኝ። “እኔ ምን አገባኝ... ግን ልጅሽን ከጉዱማሌ ሜዳ ወዲህ ካለው የጴንጤዎች ቸርች ስትገባ አየኋት።”

ለካ ይኼ ነው አንድ ለአምስት! የቡድኑ መሪ፣ ሳያት የምትባለው ልጅ፣ ጴንጤ መሆኗን አውቃለሁ፣ አባቷ አቶ ኩማ የዚያው ቸርች ሰው ናቸው። ሩት ደግሞ ሰሞኑን ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። መዝሙር ነው? የእኛ ነው የእነሱ? ስጠጋ ዝም ትላለች።

ማታ ፀጉሯን ስሠራላት አንገቷን አየሁ። ማተቧ አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ማተቧ አለ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አባቷ ከዲላ ደወለ። ሥራው እዚያ ከሆነ ወዲህ የልጅ ነገር በሙሉ የእኔ ነው። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። አዳምጦ አዳምጦ፣ “ሒሳቧ እንዴት ነው?” አለኝ። እኔ ስለ ሃይማኖት አወራዋለሁ፣ እሱ ስለ ሒሳብ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን። ሩት እነሳያት ቤት በላሁ አለች።

“ምን?”

“ሽሮ።”

“በቅቤ?”

“ኧረ እማዬ! ለእኔ ብለው በዘይት ሠሩልኝ።”

ለምንድነው ለሰው ልጅ እንዲህ የተጨነቁት? ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ማተቧ የለም።

“የት አለ?” “ማን ነው ያስወለቀሽ?” ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት አልኳት።

“መብራት ሲጠፋስ?”

“ሻማ አለ።”

ዓርብ፣ መጋቢት 12

የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። ሠላሳ ስምንት። እዚሁ፣ ዓይኔ ሥር እያጠናች! ይኼ ሁሉ ሻማ...

ተቆጣሁ። እሷ ግን አልጮኸችም። “በፊተኛው ፈተና፣ ከቡድኑ ጋር ሳጠና፣ ሰባ ሁለት ነበር ያመጣሁት። ጠይቀሽኝ አታውቂም።”

“ማተብሽንስ ማን አስወለቀሽ?”

“ራሴ ነኝ ያወለቅኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማታ ማታ አንገቴን ታያለሽ... ደብተሬን አንድ ቀን አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ተናደድኩ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ልጄን ልጠብቃት ብዬ ልጥላት ነው?

ሰኞ፣ መጋቢት 15

እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ሻማውን ልለኩስ ብዬ ተውኩት።

“ተነሺ፣ እንሂድ።”

“የት?”

“አንድ ለአምስት።” አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩም።

አቶ ኩማ የቸርቹን ጄኔሬተር ሲያስነሱ አገኘናቸው። “ይግቡ፣ እህቴ፤ ዛሬ ፕሮግራም የለም። ለልጆቹ ብለን ነው ምናበራው።” እንዲህ ብለው ነው የሚያስገቡት... አልኩ በሆዴ። ስብከቱን እየጠበቅኩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳላስበው አንገቴን ዳሰስኩ። ማተቤ አለ።

ስብከት አልመጣም። ሳያት ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ሁሉም በአንድ ድምፅ በዜማ ያዙት፦ “ማይነስ ቢ፣ ፕላስ ኦር ማይነስ...” ቆይ... ይኼ ዜማ! ሳህን ሲታጠብ የሰማሁት እኮ ነው። ለአንድ የሒሳብ ፎርሙላ ነው እንዲያ የተንጨረጨርኩት?

ሩትን ወደ ሰሌዳው ጠሯት። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ አጠፋችና እንደገና ሠራችው። ልጄ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ትከሻዋ እንደ አባቷ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።

ቤት ስንገባ ማተቧን ከቦርሳዋ አውጥታ “እሰሪልኝ” አለችኝ። አሰርኩላት። ከዚያ ደብተሯን አሳየችኝ። ግማሹ አልገባኝም፣ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጥኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

እህተማርያም አጥር ላይ ጠራችኝ። “እኔ ምን አገባኝ... ግን አንቺንም እዚያ ግቢ ስትገቢ አዩሽ አሉ።”

“አዎ፣ ልጄን ላስጠና ነው። ዛሬም መብራት ከጠፋ እሄዳለሁ።”

እህተማርያም ቀና ብላ አንገቴን አየችው።