በጥቁር ልብስ ያየሁት የኳስ ወቅት

ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ፤

ጥሩዬ፣ ከተለየሽን ስድስት ወር ሆነ። ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ላንቺም የምጨምረው የለኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልሽውን ጎመን ውርጭ መታው። ልብስሽን እህትሽ መጥታ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች፤ ስታጣጥፍ ቆሜ አየኋት። ዮናስ እሑድ እሑድ ከኮሌጁ ይመጣል። ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን፤ ብዙ አናወራም። በመካከላችን የምታወሪው አንቺ ነበርሽ።

ልነግርሽ የተቀመጥኩት ስለ አሜሪካኖቹ ኳስ ነው። ዘንድሮ ልጅሽ ለኮሌጁ የሚጫወትበት የመጨረሻ ዓመት መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንየርስ ከተማ ባለው መጋዘን ስሠራ፣ ሄደሽ የምታዪው አንቺ ነበርሽ። ማታ ስገባ ውጤቱን አትነግሪኝም፤ እንደበረደው፣ ካልሲው እንደረጠበ ነበር የምትነግሪኝ። ሥራው ነውና ኳሷን በእግሩ በቋሚዎቹ መካከል ሊመታ ሲቆም ዓይንሽን ትጨፍኚና አጠገብሽ ያለውን ፈረንጅ በአማርኛ «ገባ?» ትዪው እንደነበር የሰማሁት ከዮናስ ነው። ሰውየውም ለምዶት ራሱን ይነቀንቅልሽ ነበር አሉ።

ዘንድሮ ጡረታ ስለወጣሁ ባንቺ ፈንታ እኔ ሄድኩ። ሰው የማያውቀውን ነገር ቁጭ ብሎ አያይም። ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ የሚያስረዳ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ጨረስኩት። ማንንም አልጠየቅኩም።

መጽሐፉ ያልነገረኝ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ገጠመኝ። የኛ ልጆች ቢጫ ይለብሳሉ፤ የዚያን ቀን ሊገጥሟቸው የመጡት ደግሞ ጥቁር። እኔ ከኮፍያዬ እስከ ጫማዬ የሐዘን ልብስ ለብሻለሁ። በሩ ላይ ያለው አስተናጋጅ አንድ ጊዜ አየኝና ወደ እንግዶቹ ወገን መራኝ። ጥቁር በጥቁር የሆነ ሕዝብ መካከል ተቀመጥኩ። ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ተቀበሉኝ። ዮናስ መትቶ ሲያስገባ ግን ሁሉም ሲያጉረመርሙ እኔ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ «አንተ ሽማግሌ፣ ከማን ጋር ነህ?» አለኝ። ቦታዬን አልቀየርኩም። ጎረቤታችን ሰይድ በታክሲው ሊወስደኝ መጥቶ በየትኛው በር እንደወጣሁ ሲያይ፣ «ጋሼ መኮንን፣ ለጠላት አደሩ እንዴ?» ብሎ እስከ ቤት ድረስ ሳቀ። አንቺም ብትኖሪ ትስቂ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ አልተቆጣሁምም።

ከዚያ በኋላ ሳላቋርጥ ሄድኩ። ያሸንፋሉ፣ ይሸነፋሉ፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ሆነብኝ።

ኅዳር ላይ ዮናስ፣ «አባ፣ የመጨረሻው የሜዳችን ጌም ላይ ሲኒየር ዴይ አለ» አለኝ። ተመራቂዎቹ ከእናት ከአባታቸው ጋር ሜዳ ይገባሉ፤ በሕዝብ ፊት ስማቸው ይጠራል፤ ለእናቶች አበባ ይሰጣል። «አብረኸኝ ግባ። ጥቁሩን ግን አውልቅ፣ ፕሊስ፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ» አለ። ዓመትሽ ሳይሞላ አላወልቅም አልኩት። ሐዘንተኛ ከበሮና መለከት ባለበት ሜዳ መካከል አይቆምም አልኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ፣ ብቻዬን እገባለሁ» ብሎ ሳህኑን አጠበና ሄደ።

ነገሩን ለሰይድ ነገርኩት፤ ትክክል ነዎት እንዲለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ልብሱን አያውልቁ» አለኝ። «ልጁን ግን ለምን ብቻውን ይሰዱታል? ጥቁር መልበስንና መቅረትን አንድ ነገር ያደረጉት እርስዎ ነዎት።» ለካ ያንቺ አለመኖር አንሶት እኔም ልቀርበት ኖሯል።

ቅዳሜ ጥቁሬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ዮናስ ሰልፉ ውስጥ ሆኖ አየኝ። መጥቶ ክርኔን ያዘ። አበባ የምታድለው ልጅ ከኋላችን እናት ፈለገች፤ ስታጣ ለእኔ ዘረጋችልኝ። አበባውን ተቀበልኩ። በድምፅ ማጉያው የልጁን ስም ጠሩ፣ የእኔን ጠሩ፣ ቀጥለውም ያንቺን። ለካ ዮናስ ሁለታችንንም አስመዝግቦናል። ያ ሁሉ ሕዝብ የቆምሽ መስሎት አጨበጨበልሽ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ስምሽ ተጠርቶ መልስ አለመኖሩ ግን አላስኬድ አለኝ። ስለዚህ «አቤት» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ዮናስ ዞሮ አየኝና ክርኔን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ሄድን።

ጨዋታውን ተሸነፉ። ልጅሽ አንዱን አስገባ፣ አንዱን ሳተ። ወቅቱ በዚሁ አለቀ።

ወደፊትም የምትጠሪበት ቀን ይመጣል፤ በምርቃቱ፣ እግዜር ካለም በሠርጉ። ሳልቀር እገኛለሁ። ስምሽ በተጠራ ቁጥር አቤት የምልልሽ እኔ ነኝ።

ባለቤትሽ መኮንን