ዘጠና ሜጋባይት

አዳማ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? አክስታችን ቤት ተመችቶሻል? የሻሸመኔ ብርድ እንዳይጎዳሽ እሰጋለሁ። እኛ ለክፉ አንሰጥም፤ ንፋሱና አቧራው ብቻ እንደ ልማዱ ነው። ስደውል ስለማታነሺልኝ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ። እባክሽ ሳትቀዳድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የአባባ ስልክ እኔ ጋ ነው። ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠርቶ፣ ሞጆ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ስለሠራበት ዘመን እያወራ ድምፁን ይቀዳ እንደነበር ታውቂያለሽ። እነዚያን ቅጂዎች ወደ ስልኬ ላዛውር ብዬ ገበያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ጃዕፈር ዘንድ ሄድኩ። ስልኬ ይችላቸው እንደሆነ ስጠይቀው፣ ስንት ጊጋ ባዶ ቦታ አለሽ አለኝ። እኔ ጊጋ የሚባለውን የማውቀው የኢንተርኔት ጥቅል ስገዛ ብቻ ነው። ግራ እንደገባኝ ሲያይ ወንበር ሳበልኝና ከሥሩ ጀመረ። ቢት ማለት እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ ሌላ አያውቅም አለኝ። ስምንቱ ሲሆን ባይት ይባላል። አንድ ሺህ ሃያ አራት ባይት አንድ ኪሎባይት ነው፤ ያን ያህል ኪሎባይት ሜጋባይት፣ ያን ያህል ሜጋባይት ደግሞ ጊጋባይት። አባባ ቢሰማው፣ ኪሎ ሺህ ነው፣ ሃያ አራቷ ምርቃት ናት ወይ ብሎ ይከራከረው ነበር።

የአባባ ቅጂዎች በደቂቃ ወደ አንድ ሜጋ ይፈጃሉ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያወራበትን አሳየኝ፣ አሥራ ሁለት ሜጋ ነው። ዝም ያለበትስ ብዬ ጠየቅሁት። በዚህ ስልክ ቢናገርም ዝም ቢልም እኩል ነው፣ ዝምታም ቦታ ይይዛል አለኝ።

ከዚያ ሚሞሪ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የተሰረዘ ነገር ካለ ፈለገልኝ። የተሰረዘ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል አሉ። አንድ ብቻ ተገኘ። ግን አልከፈት አለ፤ ርዝመቱም አይታይም። የተጀመረበትን ቀንና ሰዓት ጃዕፈር ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው፦ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከጎኑ 94,392,110 የሚል ቁጥር አለ። ባይት ነው ብሎ ለአንድ ሺህ ሃያ አራት አካፈለው፣ የደረሰበትንም እንደገና አካፈለው። ዘጠና ሜጋ ወጣ።

እታለም፣ ጥቅምት 12 አባባ ያረፈበት ቀን ነው።

ከስምንት ሰዓት ዘጠና ደቂቃ ቢቆጠር ዘጠኝ ተኩል ይሆናል። አንቺ ደግሞ ገበያ ውለሽ አሥር ሰዓት ላይ ስትመለሺ ነው አርፎ ያገኘሽው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ካርዱ ሞልቶ ቆሞ ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ ከሚይዘው ሁለት ጊጋ ስድስት መቶ ሜጋ ያህሉ ባዶ መሆኑን አሳየኝ። ባትሪም አልጨረሰ፤ ለቅሶ ቤት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ግማሽ ነበረው። አንድ ሰው አቁሞታል፣ ከዚያም ሰርዞታል አለኝ ጃዕፈር።

ፋይሉን ለመጠገን አንድ ሳምንት ፈጀበት። ያን ሳምንት አባባ ክፍል አልገባሁም። በጠራራ ፀሐይ ልብስ ላሰጣ በደጃፉ ሳልፍ እንኳ እግሬ ይፈጥን ነበር። ዓይኔን ስጨፍን አባባ ካረፈ በኋላ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ሲያጠፋ ይታየኛል።

ሰኞ ጃዕፈር ደወለ። ኦቦሌቲ፣ ብቻሽን ስሚው አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አልጋው ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።

አባባ ቀኑን ጠራ። ከመጠን በላይ ስለጫነ አንድ ባለተሳቢ መኪና ማውራት ጀመረና አቋረጠ። ውሃ ለመነ። አንቺ አጠጣሽው፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ይሰማል። ከዚያ፣ በሞቴ እንዳትደውይላት፣ እንደገና እዚያ ትወስደኛለች አለሽ። እዚያ ማለት ሐኪም ቤቱ ነው። ሦስት ጊዜ እያለቀሰ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሺ አባባ አልሽው።

ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ንፋሱ ቆርቆሮውን ይመታል። ሁለት ትንፋሽ ይሰማል፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ሃምሳ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ከባዱ ቆመ። ጠበቅሁ። ቀላሉ ብቻ ቀጠለ። የራሴ መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እሱ ግን አልቆመም።

ስልሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ስልክሽ ጮኸ። ሥራ ላይ ሆኜ ከሞጆ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ፣ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ገበያ ነኝ፣ ስወጣ ተኝቶ ነበር ስትይኝ ሰማሁ። የገበያ ጫጫታ የለም። የእኔ ድምፅ እንደ ትንኝ ቀጥኖ፣ ነገ ወደደም ጠላም ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፣ ንገሪው ይላል። እሺ፣ እነግረዋለሁ አልሽኝ። ስልኩን ዘጋሽ። ከዚያ የተኛ መቀስቀስ እንደማይፈልግ ሰው ቀስ ብለሽ፣ አባባ፣ ነገ ልትወስድህ ነው አልሽው።

እዚያ ላይ አጠፋሁት። የቀረውን አልሰማሁም፣ አልሰማምም።

እታለም፣ ለቅሶው ላይ በሰው ሁሉ ፊት አባቴን ብቻውን እንዲሞት ተውሽው ብዬ ስጮኽብሽ አንድም ቃል አልመለስሽልኝም። እንዳትደውይላት ያለሽን እንዳልሰማ ብለሽ እንደሰረዝሽው አሁን ገባኝ። በአርባው ማግስት ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ከተቀመጥኩበት እንኳ አልተነሣሁም። ትናንት የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ብቻውን እንዳልነበረ ተናገርኩ። እትዬ አሰለፈች ከማን ሰማሽ ቢሉኝ፣ ከራሱ ከአባባ አልኳቸው። ክፍሉም ተጠርጓል፤ ስትመጪ ሁለታችንም እዚያ እንተኛለን።

ካርዱን ሹፌሩ ሱሩር ከደብዳቤው ጋር ያደርስልሻል። እኔ ጋ ቅጂ የለም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የአባባን ነፍስ ያሳርፍልን፤ ያን ቀን ውሃ ያጠጣውን እጅሽንም ይባርክልኝ።

ታናሽ እህትሽ