የሙት ዓመቱ ዕለት የጠጣሁት ሻይ

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥር ፳፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? አዲሱ ሰፈርሽ ብርዱ ይጠናል ይባላልና ነጠላ ብቻ ደርበሽ አትውጪ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ከጎረቤት የቀረችኝ አክበረት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ቤታቸው ሲፈርስ እንዳንቺው ሩቅ ሄዱ።

የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ድምፄ ጠንከር ባለ ቁጥር «እትዬ፣ ስኳርሽን ለክተሻል?» ትዪኛለሽ። አክበረትም እንዲሁ ናት። ባለፈው ሽንኩርቱን በወፍራሙ ከተፍሽው ብላት፣ መልስ በመስጠት ፈንታ ከረሜላ ልጣ አቀበለችኝ። ስቆጣ የሚመልስልኝ ሰው ካጣሁ ሰነበትሁ። ይህንንም ያመጣሁት እኔው ነኝ።

በእናታችን ሙት ዓመት ዕለት፣ ድንኳን ውስጥ፣ በዘመድ ፊት፣ «ጥለሻት ሄደሽ አሁን ለማን ነው የምታለቅሺው?» ያልሁሽን አልረሳሽም። ቤትሽ ፈርሶብሽ እንደሄድሽ እያወቅሁ። ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ሻይ አምጡ ብላ የጮኸችው አክበረት ነበረች። አንቺም እንባሽን ሳትጠርጊ አንገቴን ደግፈሽ፣ ብርጭቆውን ይዘሽ አጠጣሽኝ። አራት ማንኪያ ስኳር ነበረበት። ዝም ብዬ ጠጣሁ። ዘመዱ ሁሉ ምን ታድርግ፣ በሽታው ነው አለ። አንቺም እንዲሁ አልሽ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ በእውነት ወረደብኝ። መርፌዬን ተወግቼ፣ ሐኪሙ ደጋግመው ቢከለክሉኝም፣ ቁርሴን እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ አቆየሁት። ከጊዮርጊስ ስወጣ ላብ አጠመቀኝ፤ ከረሜላዬን መላጥ አቃተኝ። በመንገድ ቆሞ የሚበላ ሰው የምነቅፈው እኔ፣ ምኒልክ አደባባይ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ጧፍ የምትሸጥ ሴት ልጣ ባፌ አደረገችልኝ። አብራኝ ያስቀደሰችው አክበረት ስትለካኝ አርባ አራት ነበር።

ያልሁትን አላስታውስም። ማንን ሰደብሁ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማንንም አልሰደቡም፤ ‹እህቴን ጥሩልኝ› ብቻ ነበር የሚሉት» አለችኝ።

እናታችንም በመጨረሻዋ ሰዓት የጠራችው፣ ሳስታምማት የከረምሁትን እኔን ሳይሆን፣ አንቺን ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሁሽም።

በተማርሁበት ትምህርት ቤት ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት ወረቀት አይታረምም ነበርና፣ የስኳር ደብተሬንም እንዲሁ እይዛለሁ። ሐኪሙ ወረደ የሚሉት ከሰባ በታች ሲሆን ነው። የሙት ዓመቱን ዕለት መስመር ሳልጨምር ሳልቀንስ ገልብጬልሻለሁ፦

«ከምሳ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ መቶ ሠላሳ ሁለት።»

ይህን ጽፌ፣ እስክሪብቶዬን ከድኜ፣ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ገባሁ።

ዛሬም ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ለክቻለሁ፤ መቶ አሥራ ስምንት ነው። እንግዲህ ብትመጪ ሻይ አታፍዪልኝ። የሚገባኝን መልሺልኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የእናታችን ምርቃት ከአንቺም ከልጆችሽም አይለይ።

ታላቅ እህትሽ